ክሪስታሉን ማን ያሳድገው፣ ልጅቷ ወይስ እናት?

ጥያቄ፦ «ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። የ9 አመት ልጅ አለችኝ። ለሳይንስ ፕሮጀክት ቤት ውስጥ ክሪስታል አሳድጋለሁ ብላ ራሷ መርጣ መጣች፣ ማስረከቢያው ሶስት ሳምንት ነው የቀረው። የፈላ ውሃ ውስጥ የገበታ ጨው አሟሟን፣ የሱፍ ክር አንጠለጠልንበት፣ ቶሎ እንዲደርስ ብለን ፍሪጅ ውስጥ ከተትነው። ከቀናት በኋላ ስናየው ክሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ነገር ብቻ ነው ያለው፣ ቪዲዮ ላይ ያየነው የሚያብረቀርቅ ነገር የለም። ልጄ አለቀሰች፣ እኔ ሳይንስ አልችልም አለች። አባቷ የተዘጋጀ ኪት ይገዛላት ይላል። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ እሷ ስትተኛ ማታ ማታ ራሴ ልጨርስላት እያሰብኩ ነው። ሌላው፣ ማንም ሳይቀርጸው እንዴት ቅርጽ ያወጣል ብላ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ። ምን ትመክረኛለህ?» ግራ የገባት እናት ነኝ።

መልስ፦ እህቴ ሰላም ነው? መጀመሪያ አንድ ነገር፣ ያን ነጭ ቅርፊት የያዘውን ክር ጥለሽው ካልሆነ እንዳትጥይው። ጥለሽውም ከሆነ ፎቶ ካለሽ ፈልጊው፣ ምክንያቱም የልጅሽ ፕሮጀክት ከዛ ነው የሚጀምረው። አልሰራም ያላችሁት ነገር ለምን እንዳልሰራ ማወቅ ራሱ ሳይንስ ነው፣ እና ደስ የሚለው ደግሞ መልሱ በጣም ግልጽ የሆነና አንድ የ9 አመት ልጅ በደንብ የሚገባት መልስ መሆኑ ነው።

ምን መሰለሽ የሆነው፣ የተጠቀማችሁበት ዘዴ ትክክለኛ ዘዴ ነው ግን ለገበታ ጨው አይሆንም። በማቀዝቀዝ ክሪስታል የሚወጣው፣ ውሃው ሲሞቅ ብዙ አሟሙቶ ሲቀዘቅዝ ግን ያን ያህል መያዝ ሲያቅተው ነው፣ ያቃተውን ትርፍ ያወጣዋል፣ ያ ትርፍ ነው ክሪስታል የሚሆነው። ጨው ላይ ግን ትርፍ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 36 ግራም ገደማ ጨው ያሟሟል፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 39 ግራም ገደማ። በቃ ልዩነቱ 3 ግራም ነው! ስለዚ ያን ሁሉ አፍልታችሁ ፍሪጅ ብትከቱትም ውሃው የሚያወጣው ነገር እምብዛም አልነበረውም። ክሩ ላይ ያያችሁት ነጭ ነገር ከማቀዝቀዝ የመጣ አይደለም፣ የሱፉ ክር ውሃውን ወደ ላይ ስቦ ስቦ ውሃው ከክሩ ላይ ሲተን የቀረ ጨው ነው። የሱፍ ክር ደግሞ ጸጉራም ስለሆነ እያንዳንዷ ጭራ ላይ አንድ አንድ ትንሽ ክሪስታል ይጀምራል፣ ሺ ትንንሽ ክሪስታል ባንድ ላይ ሲጣበቅ ቅርፊት ነው የሚመስለው። የታሸገ ጨው ውስጥ እንዳይጓጉል የሚጨመር ነገር መኖሩም ያደፈርሰዋል።

ይህን ለልጅሽ ስትነግሪያት ቁጥሮቹን ስጫት። 36 እና 39። እሷ ራሷ ትቀንሳቸው። «አልችልም» ያለችው ነገር የሷ ድክመት ሳይሆን የጨው ጸባይ እንደሆነ ካንቺ ማጽናኛ ይልቅ 3 ግራሟ ትነግራታለች።

ከጨው ክሪስታል አይወጣም ማለቴ ግን አይደለም፣ ይወጣል፣ ውሃውን በማትነን ነው እንጂ። ጨዉ ከታች እስኪቀር ድረስ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ፣ በወረቀት አጣርታችሁ፣ ዝርግ ሳህን ላይ በስሱ አፍስሳችሁ ማንም የማይነካው ቦታ አስቀምጡት። ቀስ እያለ ሲደርቅ ትንንሽ ካሬዎች ታያላችሁ፣ በማጉያ መነጽር ስታዩዋቸው አንዳንዶቹ ላይ ወደ መሃል የሚወርድ ደረጃ ደረጃ ነገር አለ፣ በጣም ያምራል። ይሄ ጎን ለጎን ይሂድ፣ ወጪም ልፋትም የለውም።

ዋናውን ክሪስታል ግን በአሉም ስሩት ነው የምለው። አሉም ማለት ውሃ ለማጣራት የሚጠቀሙበት፣ ጺም ከተላጩ በኋላም ፊት ላይ የሚታሸው ነጭ ጠጣር ነገር ነው፣ ፋርማሲ ወይም ኬሚካል የሚሸጥበት ቦታ ይገኛል፣ እሽጉ ላይ ፖታሲየም አሉሚኒየም ሰልፌት የሚል ካለ እሱው ነው። ለምን አሉም? 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 12 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው፣ በ60 ዲግሪ ግን ከ50 ግራም በላይ ይይዛል። ከጨው ጋር አወዳድሪው። ቅርጹም ለልጅ አይን ግልጽ ነው፣ ሁለት ፒራሚድ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሆነው መሰረታቸው የተጣበቀ ይመስላል፣ 8 ፊት አለው፣ እያንዳንዱ ፊት ሶስት ማዕዘን ነው።

ስኳርስ ትይኝ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ስኳር ነው የሚያወራው። ስኳር ይሆናል ግን ለሶስት ሳምንት ፕሮጀክት አልመርጠውም። በ20 ዲግሪ እንኳ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 200 ግራም ገደማ ስኳር ስለሚያሟሟ ብጥብጡ ወፍራም ሽሮፕ ነው የሚሆነው፣ በወፍራም ነገር ውስጥ ቅንጣቶቹ ቶሎ ቶሎ መንቀሳቀስ አይችሉም፣ በጣም ይዘገያል፣ ጉንዳንም ይጠራል፣ ትኩስ ሽሮፕ ቆዳ ላይ ሲፈስ ደግሞ ስለሚጣበቅ ከውሃ የባሰ ያቃጥላል። ኤፕሰም ሶልት የሚባለው ማግኒዥየም ሰልፌት ፈጣን ነው፣ ባንድ ሌሊት መርፌ መርፌ የሚመስል ያወጣል፣ ልጅ ተስፋ ስትቆርጥ አንድ ቀን ለማነቃቃት ጥሩ ነው፣ ግን መርፌዎቹ ቀጫጭንና ቶሎ የሚሰበሩ ናቸው። ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌት ቪዲዮ ላይ አይተሽ ከሆነ ውበቱን አልክድም፣ ግን ቢዋጥ መርዝ ነው፣ አይንም ይጎዳል፣ ፍሳሽ ውስጥ ሲገባ ለአሳ ጠንቅ ነው፣ ለ9 አመት ልጅ ቤት ውስጥ አይሆንም። ቦራክስ የሚባለውን የልብስ ማጠቢያ ዱቄትም ለልጅ አልመክርም።

እሺ አሁን አሰራሩን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው።

ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ 90 ግራም አሉም። መፍላት የለበትም፣ እጅ የማያስነካ ሙቀት ካለው ይበቃል። ውሃውን አንቺ ቅጂ፣ መዝኖ መጨመሩንና ማማሰሉን ለሷ ተዪላት። ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ካማሰላችሁ በኋላ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወይም በታጠፈ ንጹህ ጨርቅ አጣሩት፣ ምክንያቱም እያንዳንዷ አቧራ ክሪስታል መጀመሪያ ቦታ ትሆናለች፣ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት አንድ ትልቅ እንጂ መቶ ትንንሽ አይደለም። ከዛ ትንሽ ብቻ፣ ጥልቀቱ አንድ ጣት የማይሞላ፣ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሱ፣ የቀረውን አፈ ሰፊ በሆነ የብርጭቆ ጠርሙስ ገልብጣችሁ ክደኑት። ሁለቱም እዛው ይደሩ።

ጠዋት ሳህኑ ላይ ትንንሽ ጥርት ያሉ ክሪስታሎች ይኖራሉ፣ እነሱ ዘር ናቸው። እዚህ ጋ ልጅሽን ወረንጦና ማጉያ ስጫትና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ትምረጥ። መስፈርቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ለብቻው የበቀለ፣ ከሌላ ጋር ያልተጣበቀ፣ ውስጡ ነጭ ደመና የሌለው ነው። ሁለት ሶስት መጠባበቂያ ትያዝ። ክሪስታል መምረጥ ማለት በደንብ ማየት ማለት ስለሆነ ልጆች እዚህ ጋ ነው ሳያውቁት የሚማሩት፣ ባንቺ አይን ሁሉም አንድ አይነት የሚመስሉት በሷ አይን ይለያያሉ።

ጠርሙሱ ውስጥም ታች የተቀመጠ ነገር ይኖራል። ከላይ ያለውን ጥርት ያለውን ፈሳሽ ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ንጹህ ጠርሙስ ገልብጡት። ይህ ፈሳሽ በዛ ክፍል ሙቀት መያዝ የሚችለውን ልክ ይዟል፣ ጠግቧል፣ ከዚህ በላይ አይወስድም፣ ስለዚ ዘሩን አያሟሟብሽም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ብጥብጡ ገና ሞቅ እያለ ዘሩን ያንጠለጥላል፣ በማግስቱ ሲያየው ክሩ ባዶ ነው። ጠፋ! ሞቃቱ ውሃ ገና ርሃብ ነበረበትና በላው። ሙሉ በሙሉ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ።

ክሩ ደግሞ ሱፍ አይሁን። ለስላሳ ቀጭን ናይለን፣ አሳ ማጥመጃ ክር አይነት። ዘሩን በቀላል ቋጠሮ እሰሩት፣ ክሩን እርሳስ ላይ ጠቅልላችሁ እርሳሱን ጠርሙሱ አፍ ላይ አጋድሙት፣ ዘሩ መሃል ላይ ይንጠልጠል፣ ታችንም ጎንንም አይንካ። ማሰር አስቸጋሪ ነው፣ የ9 አመት ጣት ይደክማል፣ አንቺ ክሩን ያዢላት እሷ ትቋጥር። አፉን በሶፍት ሸፍኑት፣ አቧራ እንዳይገባ ውሃው ግን ቀስ ብሎ እንዲተን።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያያት ነገር ልንገርሽ። ዘሩን እንዳስገባችሁ ጠርሙሱን መስኮት ፊት ለፊት አድርጋችሁ ከዘሩ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ አተኩራችሁ እዩት። ከክሪስታሉ ወደ ታች የሚወርድ የሚንቀጠቀጥ መስመር፣ ትኩስ አስፋልት ላይ እንደሚታየው አይነት ነገር ካያችሁ ክሪስታሉ እየሟሟ ነው፣ የሟሟው አሉም ፈሳሹን አክብዶት ነው ወደ ታች የሚሰምጠው፣ ቶሎ አውጡት። መስመሩ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን እያደገ ነው፣ ክሪስታሉ አሉሙን ስለወሰደበት የቀለለው ፈሳሽ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ልጅሽ ይህን አንዴ ካየች ከዛ በኋላ ጠርሙሱን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታየው አታውቂም።

የት ይቀመጥ? ሙቀቱ የማይለዋወጥበት ቦታ። መስኮት ላይ አይሆንም፣ ምድጃ አጠገብም አይሆንም፣ ፍሪጅ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አለ እሱም ይሞቃል ይንቀጠቀጣል። ቀን ሲሞቅ ክሪስታሉ ትንሽ ይሟሟል ማታ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያድጋል፣ እንዲህ ሲሆን ውስጡ ይደፈርሳል ጠርዙም ክብ ክብ ይላል። ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስገቡት፣ ካርቶኑን ቁም ሳጥን ውስጥ። ታች ላይ ሌሎች ክሪስታሎች ከበቀሉ ምግቡን እየተሻሙት ነው፣ ዘሩን አውጥታችሁ በሶፍት አድርቁት (በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቡት፣ ይሟሟል)፣ ፈሳሹን አሙቃችሁ ታች ያሉትን አሟሙ፣ አጣሩ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ መልሳችሁ አንጠልጥሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ትልቅ ነው። ቪዲዮ ላይ የምታዩት ቡጢ የሚያክል ነገር የወራት ስራ ነውና ከሱ ጋር አታወዳድሩ።

ማታ ማታ ልጨርስላት ያልሽውን አውቀዋለሁ፣ ከፍቅር የመጣ ሀሳብ ነው፣ ልጅ ስታለቅስ ማየት ከባድ ነው። ግን አታድርጊው እህቴ። ጠዋት ተነስታ የማታውቀው ክሪስታል ጠርሙስ ውስጥ ስታገኝ የምትማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «እኔ ስሰራ አይሆንም እናቴ ስትሰራ ይሆናል»። ደግሞ መምህሯ ይህን ታች የበቀለውን ለምን አወጣሽው ብሎ ቢጠይቃት ምን ትላለች? ያንቺ ስራ ሙቅ ውሃ መቅዳት፣ ዕቃ ማቅረብ፣ ክር መያዝ፣ እና ሰአቱ ሲደርስ «ዛሬ አይተሽዋል?» ማለት ነው። ሌላው ሁሉ የሷ ነው፣ መበላሸቱም ጭምር።

ኪቱን በተመለከተ አባቷም ያለምክንያት አላለም፣ ጊዜ አጥሯችኋል። ኪት ክፋት የለውም፣ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት የሚባል ጨው ነው፣ በቀላሉ ያድጋል፣ ያምራል። ችግሩ መጠኑም ጊዜውም ተለክቶ ስለሚመጣ ልጅቷ የምትወስነው ነገር አይቀርም፣ መመሪያውን ተከትላ ትጨርሳለች። ለልደት ስጦታ ይግዛላት፣ ለፕሮጀክት ግን ይቆይ።

በዚህ ነገር ላይ ሁሌ የማስታውሳት ሴት አለች፣ ዶሮቲ ሆጅኪን የምትባል እንግሊዛዊት ኬሚስት። 10 አመቷ አካባቢ ትንሽ የትምህርት ክፍል ውስጥ ልክ እንደ ልጅሽ የአሉምና የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል አሳደገች፣ ከዛ በኋላ ከክሪስታል ጋር አልተለያየችም። ወላጆቿ ሱዳን ይሰሩ ስለነበር ልጅ ሆና ካርቱም ስትሄድ ግቢያቸው ውስጥ ካለ ወራጅ ውሃ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ማዕድን አገኘች፣ የቤተሰቡ ወዳጅ የነበረ ኬሚስት ታዲያ ምንነቱን ራሷ እንድትመረምር ረዳት፣ የመመርመሪያ ኬሚካሎች ያሉበትም ሳጥን ሰጣት። ኢልሜናይት የሚባል ብረትና ታይታኒየም ያለበት ማዕድን ሆኖ ተገኘ። 16 አመት ሲሞላት ደግሞ እናቷ ስለ ክሪስታልና ኤክስሬይ የሚያወራ ለልጆች የቀረበ የሳይንስ ትምህርት መጽሐፍ ሰጠቻት። ኋላ የፔኒሲሊንን፣ የቫይታሚን ቢ12ን፣ በ1969 ደግሞ የኢንሱሊንን ቅርጽ በኤክስሬይ አወጣች፣ በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመች (አመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ልጅሽ ኖቤል ታገኛለች እያልኩ አይደለም። በዙሪያዋ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች ምን እንዳደረጉ እዪልኝ ነው የምለው፣ ዕቃ አቀረቡላት፣ ማግኘቱን ግን ለሷ ተዉላት።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ፣ ማንም ሳይቀርጸው እንዴት ቅርጽ ያወጣል? እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ሰው ለዘመናት የጠየቀው ጥያቄ ነው። በ1669 ኒኮላስ ስቴኖ የሚባል ዴንማርካዊ የኳርትዝ ክሪስታሎችን አይቶ አንድ ነገር አስተዋለ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ቢሆንም ተመሳሳይ ፊቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ሁሌ አንድ ነው። ለምን እንደሆነ በማስረጃ ለማየት ግን ኤክስሬይ መጠበቅ ነበረበት። በ1913 ሎረንስ ብራግ የገበታ ጨውን አወቃቀር አወጣ፣ ሶዲየምና ክሎሪን አንዱ ካንዱ እየተፈራረቁ በካሬ በካሬ የተደረደሩ ናቸው፣ ጨው ካሬ የሚሆነው ለዛ ነው። በ1915 ከአባቱ ጋር ኖቤል ሲሰጠው 25 አመቱ ነበር።

ለልጅሽ እንዲህ በያት፣ ውሃ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ሰልፍ እንደሚገቡ ተማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ የሚቆምበት ቦታ አለው፣ ቀስ እያሉ አንድ በአንድ ሲመጡ ሁሉም ቦታውን አግኝቶ ሰልፉ ቀጥ ይላል፣ ባንዴ ሲግተለተሉ ግን እዚም እዛም ትንንሽ ሰልፍ ተጀምሮ እርስ በርስ ይጋጫል። የሰልፉ አደራደር ነው ውጪ የምናየው ቅርጽ። ቀራጺ የለውም፣ ቅርጹ ከራሱ ከቅንጣቶቹ ነው የሚመጣው።

ይህን ደግሞ ራሷ ልታረጋግጠው ትችላለች። ሳህኑ ላይ ከቀሩት ዘሮች ትልቅም ትንሽም ትምረጥና ሶስት ማዕዘን የሆነውን ፊት በማጉያ እያየች ወረቀት ላይ ትሳለው፣ ከዛ በፕሮትራክተር ትለካው። 60 ዲግሪ አካባቢ ነው የምታገኘው። ሳህኑ ላይ ተኝተው ስላደጉ አንዳንዶቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ጫፋቸው የተቆረጠ የሚመስልም አለ፣ እዛ ላይ 120 ታገኛለች፣ ግን ያልተለመደ ሌላ ቁጥር አታገኝም። ስቴኖ ያየውን ነገር የ9 አመት ልጅ ጠረጴዛ ላይ አየችው ማለት እኮ ነው!

ፕሮጀክቱ ግን ጥያቄ ያስፈልገዋል። «ክሪስታል አሳደግኩ» ብቻ ከሆነ ኤግዚቢሽን ነው፣ ሙከራ አይደለም። እኔ የምመርጠው ጥያቄ፣ ቶሎ ሲቀዘቅዝና ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉ ይለያያል ወይ የሚለውን ነው። ሶስት አንድ አይነት ብርጭቆ፣ ከአንድ ሙቅ ብጥብጥ እኩል ይቀዳባቸው፣ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 20 ግራም አሉም። አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሙት፣ አንዱን ጠረጴዛ ላይ ተዉት፣ አንዱን በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ። ፍሪጅ ያላልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ስለሚቀዘቅዝ የሚያወጣው አሉም ራሱ ይበዛል፣ ያኔ ልዩነቱ ከፍጥነት ይምጣ ከቅዝቃዜ አይታወቅም። ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ኋላ እንደሌሎቹ የክፍሉን ሙቀት ይይዛል። አንድ ነገር ብቻ መቀየር ማለት ይሄ ነው፣ መምህሯ ሲጠይቃት ይህን ካስረዳች ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ከመጀመሯ በፊት ግምቷን ትጻፍ፣ ይሄ እንዳይረሳ፣ ግምት ከውጤት በኋላ ከተጻፈ ግምት አይደለም። በማግስቱ የትልቁን ርዝመት በማስመሪያ ትለካ፣ ብዛቱን ትቁጠር፣ ትሳል። በቶሎ የቀዘቀዘው ብዙ ደቃቅ፣ ቀስ ያለው ጥቂትና ትላልቅ ነው የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ። ግምቷ ከተሳሳተ አታጥፊው፣ እንደተጻፈ ይቀመጥ። አሉሙ ደግሞ አይባክንም፣ መልሶ አሙቆ ማሟሟት ይቻላል።

ሰፋ ማድረግ ከፈለገች ድንጋይ ታምጣ። ግራናይት ከመሬት በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ የቀለጠ ድንጋይ ስለሆነ ክሪስታሎቹ በአይን ይታያሉ፣ ባዛልት ደግሞ ገጸ ምድር ላይ ቶሎ ስለቀዘቀዘ ደቃቅ ነው፣ ኦብሲዲያን ከዛም ቶሎ ቀዝቅዞ ክሪስታል ለመስራት ጊዜ ስላላገኘ መስታወት ሆኖ ቀረ። ከሶስቱ ብርጭቆዎች ጋር ያው አንድ ታሪክ ነው። ሜክሲኮ ናይካ የሚባል ማዕድን ማውጫ ውስጥ በ2000 የተገኘ ዋሻ አለ፣ 11 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ የጂፕሰም ክሪስታሎች አሉበት። ለብዙ መቶ ሺ አመታት ሙቀቱ 58 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ እምብዛም ሳይለዋወጥ በቆየ ውሃ ውስጥ ነው ያደጉት። ካርቶኑንና ፎጣውን ለምን እንዳልኩሽ አሁን ይገባታል።

ቀለም መጨመር ብትፈልግ አትከልክያት፣ ግን ለብቻ በሆነ ብርጭቆ ይሁን። የምግብ ቀለም ውሃውን ያቀልመዋል እንጂ ክሪስታሉ ብዙውን ጊዜ ውስጡ አያስገባውም፣ ቦታው ለሱ አልተሰራምና። እሱንም ትየውና ትጻፈው።

ጥንቃቄው አጭር ነው ግን የማይታለፍ ነው። ሙቅ ውሃ ያንቺ ስራ ነው። ምንም ነገር አይቀመስም፣ ስኳር የሚመስል ክሪስታል ለትንሽ ልጅ ያጓጓል፣ ስለዚ ታናናሾች ካሉ ከፍ ያለ ቦታ። ጠርሙሱ ላይ ስሙና «አይጠጣም» የሚል ይጻፍበት፣ የተጠቀማችሁባቸው ማንኪያና ሳህኖች ወደ ምግብ አይመለሱ። ስትመዝንም ስታማስልም የአይን መከላከያ መነጽር ብታደርግ ጥሩ ነው፣ ስትጨርስ እጇን ትታጠብ። የተረፈውን የአሉም ውሃ ብዙ ውሃ ጨምሮ ፍሳሽ ውስጥ መድፋት ይቻላል።

ጊዜውን እንዲህ ብትከፋፍሉት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዘሩ ወጥቶ ይንጠልጠል፣ እሱ ካርቶኑ ውስጥ እያደገ እያለ በዛው ሳምንት የሶስቱን ብርጭቆ ሙከራ ትስራ፣ ጊዜ ስላላችሁ አንዴ ደግማ ብትሰራው ይመረጣል፣ ውጤቱ በአጋጣሚ እንዳልሆነ ያሳያል። በየቀኑ አንድ መስመር ትጻፍ፣ ቀን፣ ሰአት፣ ያየችው ነገር። «ዛሬ ምንም አልተለወጠም» ም ይጻፋል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ለፖስተሩ ይሁኑ፣ ፖስተሩ ላይ መጀመሪያ የጨዉ ክር፣ 36 እና 39፣ ከዛ አሉሙ ይምጣ።

ክሪስታሉ ሲወጣ በሶፍት ይድረቅና ግልጽ የጥፍር ቀለም በስሱ ይቀባ። አሉም ክሪስታሉ ውስጥ ውሃ ይዞ ነው የሚኖረው፣ ሞቃትና ደረቅ አየር ሲያገኘው ውሃውን እያጣ ላዩ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ የጥፍር ቀለሙ ይህን ያዘገየዋል። ለመምህሯ ስታሳይ ክሩን ይዛ ታሳይ እንጂ በላብ እጅ ባይነካካ ይሻላል። አንዱን መጠባበቂያ ዘር ደግሞ ሳይቀባ አጠገቡ ብታስቀምጠው ልዩነቱን ለሚጠይቃት ሰው ታሳያለች። የሚቸግር ነገር ካለ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆናችሁና የክፍሉ ሙቀት ስንት እንደሆነ ጠቅሰሽ ጻፊልኝ፣ እመልስልሻለሁ።